የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤቶች የሕግ ከለላ (ሚኒያፖሊስ–ሴንት ፖል)

የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው ሕፃናት በመንትዮቹ ከተሞች ትምህርት ቤት ሊቋቋም ታስቦ ጎረቤት በተቃውሞ ሲነሣ፣ ለተቋሙ መጠጊያ የሚሆኑት በ1973 እ.ኤ.አ. የወጣው የተሐድሶ ሕግና በ1990 የታወጀው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ሲሆኑ፣ ሁለተኛው የከተማ አስተዳደር በመሬት አጠቃቀም ፈቃድ አሰጣጡ እንዳያዳላ ይከለክላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ የፍርሃት ጥያቄ ነው። በከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ተነሥቶ የአውቶቡሱን መውጫ፣ የመኪና ማቆሚያውን ጥበት በማስረጃ የሚያስረዳ ጎረቤት ሊደመጥ ይገባዋል፤ «እነዚህ ልጆች በሰፈራችን እንዳይኖሩ» የሚል ግን ሕጋዊ ምክንያት አላቀረበም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1985 በቴክሳስ የክሊበርን ከተማ ጉዳይ ይህንኑ መርሕ ያጸና ሲሆን፣ የሚኒሶታ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የሚኒያፖሊስ አጎራባች የሆነችው ብሩክሊን ሴንተር ለአእምሮ ሕሙማን መኖሪያ የነፈገችውን ልዩ ፈቃድ መርምሮ ክልከላዋን ሽሯል።

በሚኒሶታ ግዛት ሕግ ከተማው የጽሑፍ ማመልከቻን በ60 ቀን ውስጥ፣ ወይም ጊዜውን በጽሑፍ ካራዘመ በተራዘመው ጊዜ ውስጥ ካልከለከለ፣ ማመልከቻው እንደ ተፈቀደ ይቆጠራል፤ ይህም ተቃዋሚን ለማስደሰት ነገርን በቀጠሮ ማዳከምን ስለሚከላከል እጅግ ጠቃሚ ነው።

ከለላው ግን ፍጹም አይደለም። በ1991 የስምንተኛው ክልል ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሴንት ፖል በአእምሮ ሕሙማን መኖሪያዎች መካከል የሩብ ማይል ርቀት እንዲኖር ያወጣችውን ደንብ ደግፏል፤ ውሳኔው ሕሙማኑ በአንድ ሰፈር እንዳይታጎሩ በሚል አሳቢነት ቢቀርብም፣ የመኖሪያ ምርጫቸውን ማጥበቡ በብርቱ ሊነቀፍ የሚገባው ነው።