ከጉዞው የሚቀድመው ጥገና

እ.አ.አ. በ1930 ሰንቢም የተባለው የእንግሊዝ የሞተር ብስክሌት ክለብ እስከ 1914 የተሠሩ ሞተር ብስክሌቶችን ወደ ብራይተን የባሕር ዳርቻ በማስጓዝ ልዩ ልማድ ጀመረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት፣ በ1946፣ የቪንቴጅ ሞተር ብስክሌት ክለብ ተመሠረተ፤ በመጀመሪያ የተቀበለውም ከ1931 በፊት የተሠሩትን ነበር።

የክለብ ኑሮ ቁም ነገር ግን ከጉዞው ይልቅ፣ የብርዱ ወራት አልፎ መንገዱ እስኪከፈት ድረስ በሚደረገው ዝግጅት ላይ ይገኛል። ቆሞ የከረመ ሞተር ቤንዚኑ ይበላሻል፤ ጎማው ይሰነጠቃል፤ ካቴናው ይዝጋል። በተለይም ዘይት በእጅ ፓምፕ የሚመገቡት ጥንታዊ ሞተሮች የነጂውን ማስተዋል ይሻሉ፤ ዘይቱ ቢያንስ ፒስቶኑ ይነክሳል፣ ቢበዛ ካንዴላው ይጠቁራል። ትክክለኛውን መጠን ከሞተሩ ድምፅና ከጢሱ መለየት የሚቻለው ከአዋቂ ጎን ቆሞ በመማር ነው።

ስለሆነም መሣሪያ በቤተ መዘክር ቢቀመጥ ቅርጹ ይተርፋል፤ ሙያው ግን ካልተሠራበት ይጠፋል። ውድ የሙያ ባልደረቦች፣ በየወርክሾፓችን ያሉ አንጋፋ መካኒኮች በጡረታ ከመሰናበታቸው በፊት አንድ አንድ ወጣት ከጎናቸው ልናቆም ይገባናል። ንድፍ ከመዝገብ ቤት ይገኛል፤ የእጅ ዕውቀት ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።