ዜና መዘምራን ዘፊስክ

የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ አራት ዓመት ሙሉ ደም የተፋሰሱበት ጦርነት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1865 ዓ.ም. በሰሜኖቹ ድል አድራጊነት ከተፈጸመና በባርነት ቀንበር ሥር ይማቅቁ የነበሩት ጥቁሮች አርነት ከወጡ በኋላ፥ በቴነሲ ግዛት፥ በናሽቪል ከተማ፥ የወታደር ሐኪም ቤት በነበሩ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ለእነዚሁ አርነት ለወጡት ሰዎች የሚሆን ትምህርት ቤት በ1866 ዓ.ም. በጥር ወር ተከፈተ፤ ስሙም ቤቶቹን ባስገኘው በጄኔራል ክሊንተን ፊስክ ስም ፊስክ ተባለ። በማግሥቱ ዓመት በመዝገብ ላይ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ቢጻፍም ስሙ ግብሩን ቀድሞት ነበርና፥ ከተማሪዎቹ የሚበዙት ፊደል ከመቁጠር አንሥቶ እስከ ሁለተኛ ደረጃ ባለው ትምህርት ላይ ነበሩ፤ ሕፃኑና ሽበታሙም በአንድ ክፍል ተቀምጠው ይማሩ ነበር። መጽሐፍ ባነሳቸው ጊዜ ተማሪዎቹ በከተማው ባሪያ ይሸጥበት ከነበረው ግቢ የዛገውን ሰንሰለትና እግር ብረት ሰብስበው ሸጡና በዋጋው የፊደል መጽሐፍ ገዙ። ይህን ነገር ጸሐፊ ሁሉ ሊያስጌጠው ይወዳል፤ እኔ ግን እንደ ሆነው ጽፌ አልፋለሁ።

የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ያዥ ጆርጅ ዋይት ይባሉ ነበር፤ እሳቸውም የአንጥረኛ ልጅ፥ በጌቲስበርግ ጦርነት ከሰሜኖቹ ጋር የተሰለፉ፥ ዜማንም በራሳቸው ትጋት የተማሩ ሰው ነበሩ። የተማሪዎቹን ድምፅ ሰምተው በመደነቃቸው ማኅበረ መዘምራን አቋቁመው በትርፍ ሰዓት ያስተምሯቸው ጀመር፤ ከመዘምራኑም መካከል በናሽቪል በ1851 ዓ.ም. በባርነት የተወለደች፥ አባቷ በ350 ዶላር ከባርነት የዋጃት፥ ወደ ፊስክም 6 ዶላር ብቻ ይዛ የመጣች ኤላ ሼፓርድ የምትባል ብላቴና ነበረች። ይህች ልጅ ቀድሞ በሲንሲናቲ ሳለች አንዲት ነጭ የሙዚቃ መምህርት በጓሮ በር፥ በሌሊት፥ ለማንም እንዳትናገር አስምላ ሙዚቃ አስተምራት ስለ ነበር፥ በዋይት ሥር ረዳትና የፒያኖ መቺ ሆነች።

መዘምራኑ በአደባባይ ያዜሙት የነበረው የነጮቹን ዝማሬ ነው፤ ወላጆቻቸው በጥጥ እርሻ ላይ በመከራ ያወጡትን መዝሙር ግን እንደ ቅዱስ ነገር ስለሚያዩት፥ ደግሞም የባርነትን ዘመን ስለሚያስታውሳቸው፥ መስኮት ዘግተው መጋረጃ ጋርደው በክፍል ውስጥ ብቻ ይዘምሩት ነበር። ዋይት ይህንን ሰምተው እየለመኑ እየጠየቁ፥ አንዱን ዛሬ አንዱን ነገ፥ ቀስ በቀስ ወደ ጉባኤ አወጡት። በእኔ አስተያየት ከእሳቸው ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ነገር ግን ዕንቁው የተማሪዎቹ እንጂ የመምህሩ እንዳልነበረ መዘንጋት አይገባም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የእንጨቱ ቤት እየበሰበሰ፥ ዕዳውም እየከበደ ሄዶ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ በተቃረበ ጊዜ፥ ዋይት ዘጠኝ መዘምራንን አስከትለው፥ በካዝናው ከቀረውም ገንዘብ ለስንቅ ይዘው፥ ዓርብ ኦክቶበር 6 ቀን 1871፥ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 26 ቀን 1864 ዓ.ም.፥ በባቡር ወደ ሰሜን ተነሡ። ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም በባርነት የተወለዱ ነበሩ፤ ከሁሉ የምታንሰው ሚኒ ቴት 14 ዓመት ገደማ ነበረች። በአገራችን የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የሚለምነው ለዕለት ጉርሱ ነው፤ እነዚህ ግን ለትምህርት ቤታቸው ጣራና ግድግዳ ሊለምኑ ወጡ።

ጉዞው በመጀመሪያ እጅግ መራራ ነበር። በዚያ ዘመን ነጮች ፊታቸውን ጥላሸት ቀብተው በጥቁሮች የሚያላግጡበት ጨዋታ የተለመደ ነበርና ብዙ ሰው ለመሳቅ መጣ፤ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶችም በቀለማቸው ምክንያት አናሳድርም አሏቸው። በዚሁ ሰሞን የቺካጎ ከተማ በእሳት ስትጋይ፥ መዘምራኑ በኦሃዮ ያገኙትን 50 ዶላር የማይሞላ የመጀመሪያ ገንዘብ ሳያስቀሩ ለተቃጠለባቸው ሰዎች ሰጡ። የራሳቸው ቤት እየፈረሰ ለሌላው ቤት መስጠታቸውን ሞኝነት የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ ዜና ውስጥ ከነገሥታቱ አዳራሽ ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ኮሎምበስ በደረሱ ጊዜ ዋይት ሌሊቱን በጸሎት አድረው በኦሪት ዘሌዋውያን ባሪያ አርነት በሚወጣበት በሃምሳኛው ዓመት ስም የኢዮቤልዩ መዘምራን ብለው ሰየሟቸው። በኅዳር ወር በኦበርሊን የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ተሰብስቦ ሲነጋገር፥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከወላጆቻቸው መዝሙር አንዱን ቢጀምሩ ጉባኤተኛው ጸጥ ብሎ አደመጣቸው። ከዚያ ወደ ብሩክሊን ተሻግረው በስመ ጥሩው ሰባኪ በሄንሪ ዋርድ ቢቸር ቤተ ክርስቲያን ዘመሩ፤ በአገራችን ደጃዝማች ካሣ በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው በነገሡበት፥ በእኛ አቆጣጠር በጥር 1864 ዓ.ም.፥ የመዘምራኑ ዝና በኒውዮርክ አካባቢ ተሰምቶ ነበር። ጥቂት ቆይተውም በፕሬዚዳንት ግራንት ፊት ዘመሩ፤ 20,000 ዶላር ይዘው ተመለሱ። ቴዎዶር ሲዋርድ የተባለ ሰውም መዝሙሮቹን በኖታ ጽፎ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. አሳተማቸው።

በ1873 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተሻግረው ንግሥት ቪክቶሪያ አደመጠቻቸው፤ ከዚያም 50,000 ዶላር ያህል አገኙ። በዚህ ሁሉ ገንዘብ የቀድሞው የጦር ምሽግ ፎርት ጊለም የነበረበት መሬት ተገዝቶ ባለ ስድስት ፎቅ የኢዮቤልዩ አዳራሽ ተሠራና በጃንዋሪ 1 ቀን 1876 ዓ.ም. ተመረቀ። በሰባት ዓመት ውስጥ እስከ ጀርመን ድረስ ዘልቀው ያስገቡት ጠቅላላ ገንዘብ 150,000 ዶላር ይደርሳል፤ ማኅበሩም በ1878 ዓ.ም. ተበተነ።

ዋጋው ግን በዶላር ብቻ አልተከፈለም። ትምህርት ቤቱን ለማዳን የወጡት ልጆች የራሳቸው ትምህርት ተቋረጠባቸው፤ ብርዱና የመንገዱ ድካም የአንዳንዶቹን ጤና ሰበረው፤ የዋይትም ባለቤት በስኮትላንድ ሳሉ በተስቦ ሞቱ። በ1885 ዓ.ም. ወደ ፊስክ የመጣው፥ በኋላ ዘመን ስመ ጥሩ የጥቁሮች ምሁር የሆነው ወጣቱ ዊልያም ዱ ቦይስ በአዳራሹ ጥላ ሥር ተማረ፤ እሱም በሞዛርት ማኅበር ውስጥ ከዘማሪዎቹ አንዱ ሆነ፤ ኋላም በ1903 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ የመጨረሻውን ምዕራፍ ለእነዚህ መዝሙሮች ሰጠ።

የፊስክ መሥራቾች እነማን ናቸው ተብሎ ቢጠየቅ መዝገቡ ጄኔራሉንና ትምህርት ቤቱን የከፈቱትን ሚሲዮናውያን ያስቀድማል፤ እኔ ግን እነዚያን ዘጠኝ ልጆች አስቀድማለሁ። ትምህርት ቤቱም አልዘነጋቸውም፤ በየዓመቱ ኦክቶበር 6 ቀን የኢዮቤልዩ ቀን ተብሎ ይከበራል፤ ተማሪዎቹም በናሽቪል ወደ ተቀበሩት መዘምራን መቃብር ሄደው ይዘምራሉ።