በጀልባ ወደ ዛንዚባር፦ የሐበሻዋ ልጅ ያሠራው ቤት

ከዳሬሰላም የተነሳው ፈጣን ጀልባ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዞ ዛንዚባር ሲቃረብ፣ ተሳፋሪው ሻንጣውን ትቶ ወደ መስኮቱ ይጠጋል። የድሮዋ ከተማ ስቶን ታውን ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ ተቀምጣለች። የሱልጣኖቹ ቤተ መንግሥት፣ ኦማኖች ፖርቱጋሎችን ካባረሩ በኋላ የገነቡት ምሽግ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ከሁሉም የሚረዝመው ባለ ሰገነት ሕንፃ ይታያል።

ሕንፃው ቤት አል አጃኢብ ይባላል። ስሙ ዐረብኛ ነው፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ቤቱ ቤት ነው፤ አጃኢቡም ያው አጃኢብ ነው። ያሠራው ሱልጣን ባርጋሽ ቢን ሰዒድ ሲሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1883 ነው። በዛንዚባር የኤሌክትሪክ መብራት ቀድሞ ከበራባቸው ቤቶች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ እድሳት ላይ እያለ ከፊሉ ተደርምሶ ሁለት ሠራተኞች ሞተዋል።

አስጎብኚዎች ስለ መብራቱና ስለ አሳንሰሩ ያወራሉ። ለኢትዮጵያዊ እንግዳ ግን ከአሳንሰሩ የሚበልጥ ወሬ አለ። ባርጋሽን የወለደችው ሴት ሐበሻ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባርጋሽ አባት ሱልጣን ሰዒድ መቀመጫውን ከኦማኗ ሙስካት ወደ ዛንዚባር ያዛወረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1856 ሲሞት 36 ልጆች ትቶ ነበር። ሁሉም የተወለዱት ሱሪያ ከሚባሉት፣ በባርነት ከመጡ የቤቱ ሴቶች ነው። በእስልምና ሕግ ጌታው ከሱሪያ የወለደው ልጅ ነፃ ነው፤ ከሌሎቹ እኩል ይወርሳል። እናቲቱም ከወለደች በኋላ አትሸጥም፣ ጌታዋ ሲሞት ነፃ ትወጣለች። የባሪያ ልጅ ዙፋን ላይ የተቀመጠው በዚህ መንገድ ነው።

ከሱልጣኑ ልጆች አንዷ ልዕልት ሳልሜ ኋላ ጀርመን ሄዳ እ.ኤ.አ. በ1886 የሕይወት ታሪኳን አሳትማለች። የሷ እናት ሰርካሲያዊት፣ ማለትም ከካውካሰስ የመጣች ነበረች። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሐበሾቹ ልጆችና የሰርካሲያዊቶቹ ልጆች ይፎካከሩ እንደነበር ጽፋለች። የሐበሾቹ ልጆች እነዚያን በሰማያዊ ዓይናቸው የተነሳ “ድመቶች” እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ከዚህ የምንረዳው የባርጋሽ እናት ብቸኛ እንዳልነበረች ነው። ሐበሾቹ በዚያ ቤት ወገን ለይተው ለመፎካከር የሚበቁ ነበሩ።

ባርጋሽ እ.ኤ.አ. በ1870 ነገሠ። ከሦስት ዓመት በኋላ እንግሊዞች ወደቡን በጦር መርከብ እንዘጋለን ብለው ሲያስፈራሩት፣ በባሕር የሚካሄደውን የባሪያ ንግድ የሚከለክል ውል ፈረመ፤ የዛንዚባርም የባሪያ ገበያ ተዘጋ። በገበያው ቦታ ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠራ። ዛሬ በግቢው ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ ሰዎች ሐውልት ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ ይታያል። የባሪያ ገበያውን የዘጋው ውል የባሪያ ልጅ ፊርማ አለበት።

የቤተሰቡ ታሪክ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1896 የባርጋሽ ልጅ ኻሊድ እንግሊዞችን ሳያስፈቅድ ዙፋኑን ያዘ። ልቀቅ ተባለ፣ እምቢ አለ። በስዋሂሊም በአማርኛም አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የእንግሊዝ መርከቦች ተኩስ ከፈቱ። ውጊያው 38 ደቂቃ ያህል ፈጀ። በዛንዚባር ወገን 500 ያህል ሰው ሞተ ወይም ቆሰለ፤ በእንግሊዝ በኩል የቆሰለው አንድ መርከበኛ ነው። ኻሊድ ጀርመን ቆንስላ ተጠግቶ ኋላ በባሕር ወደ ዳሬሰላም አመለጠ። የዛሬው ተሳፋሪ የሚመጣበትን ባሕር እሱ በስደት ተሻግሮታል።

ይህ የሆነው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1888 ዓ.ም. ነው፤ የዓድዋ ዓመት። በየካቲት ምኒልክ ጣሊያንን ድል አደረጉ፤ በነሐሴ የሐበሻዋ የልጅ ልጅ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ተሸነፈ። ልዩነቱን በጀግንነት ብቻ መለካት ስህተት ነው። የዛንዚባር ቤተ መንግሥት ነጋዴ ሁሉ ከሩቅ እንዲያየው ባሕሩ አፍ ላይ ተሠርቷል፤ ያው ባሕር መድፉን እስከ ደጁ አመጣው። ወደ ዓድዋ የመጣ ጦር ግን ከባሕር ወጥቶ፣ ስንቁን ተሸክሞ፣ ተራራ መውጣት ነበረበት። እዚያም ብዙ ጠመንጃ የያዘ ትልቅ ሠራዊት ጠበቀው።

ታሪኩን የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ኩራት ነው፦ “ባርጋሽ የኛ ደም ነው፤ ያንን ቤት የሠራው የሐበሻ ልጅ ነው።” እውነት ነው። ግን ያቺ ሴት በራሷ ፈቃድ ወደዚያ አልሄደችም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደቡብና ከደቡብ ምዕራብ የተያዙ ልጆች በአገር ውስጥ ነጋዴዎች እጅ ከገበያ ገበያ እየተሸጡ፣ በምጽዋ፣ በታጁራና በዘይላ በኩል ባሕር ይሻገሩ ነበር። ባሕሩ ዳር እስኪደርሱ ድረስ ያዡም፣ ሻጩም፣ ቀረጥ ተቀባዩም በአብዛኛው የዚሁ አገር ሰው ነበር። በልጁ የሚኮራ ሰው፣ እናቱ እንዴት ከቤቷ እንደወጣች የመጠየቅ ዕዳ አለበት።

የዛንዚባር የባሪያ ገበያ የተዘጋው በ1865 ዓ.ም. ነው። በኢትዮጵያ ባርነት በአዋጅ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 69 ዓመት አለ፤ ዓድዋም የሚገኘው እዚያ ውስጥ ነው።