«ሃምሳ ሎሚ» በኮክፒት ውስጥ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። የካፒቴን ልዑል አባተ ስም በተነሣ ቁጥር ይህ አባባል ትዝ ይለኛል። እኛ ስደተኞች ታሪካቸውን የምናወሳው እንደ አንድ ጀግና ገድል ነው። ጀግንነታቸውን የሚክድ የለም። እኔ ግን ታሪኩ ስለ ሸክም ክፍፍልም የሚነግረን ብዙ ነገር አለ እላለሁ።

አውሮፕላን ቁልቁል መውረድ ከመጀመሩ በፊት ሁለቱ አብራሪዎች ስለ አየሩ ጠባይ፣ ስለ ማኮብኮቢያው፣ ስለ ነዳጁና ማረፍ ባይቻል ስለሚወስዱት አማራጭ ይነጋገራሉ። ከዚያም አንዱ ያበርራል፤ ሌላው ከመቆጣጠሪያ ማማው ጋር በሬዲዮ ይገናኛል፣ የማረጋገጫ ዝርዝሩን ያነባል፣ ባልደረባው ሲሳሳት ይናገራል። ወደ ምድር በቀረቡ መጠን ሥራው ይበዛል፤ ጊዜው ያጥራል።

ይህ አሠራር በብዙ ዋጋ የተገኘ ነው። ይህን ጽሑፍ ከማዘጋጅባት ከፓርክ ሮያል በስተምዕራብ ኖርዝሆልት የሚባል የጦር አየር ማረፊያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1960 አንድ የፓን አም ቦይንግ 707 ሂዝሮው የደረሰ መስሎት ኖርዝሆልት ላይ አረፈ። የተወሰደው መፍትሔ በአካባቢው በነበሩት ግዙፍ የጋዝ ማጠራቀሚያዎች ላይ የየማረፊያውን መለያ ፊደላት በትልቁ መጻፍ ነበር። መድኃኒቱ ከኮክፒት ውጭ ተፈለገ ማለት ነው።

ፊታችንን ወደ ውስጥ ያዞረው የ1978ቱ የፖርትላንድ አደጋ ነው። የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ 8 ለማረፍ ተቃርቦ ሳለ ካፒቴኑ በጎማው ችግር ተጠመዱ። ነዳጁ እያለቀ መሆኑን የበታቾቻቸው ያውቁ ነበር፤ የተናገሩት ግን አለቃን በሚያባንን ድምፅ አልነበረም። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ ወደቀ፤ 10 ሰዎች ሞቱ። በማግሥቱ ዓመት ናሳ ባለሙያዎችን ሰብስቦ መከረበት። የበታች እንዲናገር፣ የበላይም እንዲያዳምጥ የሚያሠለጥነው ትምህርት ከዚያ በኋላ ተስፋፋ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1984 የተረከበው ቦይንግ 767 የበረራ መሐንዲስ መቀመጫ የሌለው፣ ለሁለት አብራሪዎች የተሠራ ነው። ኅዳር 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1996) በበረራ 961 ላይ ግን ሦስት ጠላፊዎች ረዳት አብራሪ ዮናስ መኩሪያን ደብድበው ከኮክፒት አስወጡ። የሁለት ሰው ሥራ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ካፒቴን ልዑል ነዳጁ አውስትራሊያ እንደማያደርስ ቢያስረዱም የሚሰማቸው አልተገኘም። ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። በግብግቡ መካከል የኮሞሮስ አየር ማረፊያ ከዓይናቸው ስለተሰወረ ባሕር ላይ ለማሳረፍ ተገደዱ። የቆሰሉት ዮናስም በመጨረሻ ተመልሰው አገዟቸው። ከ175 ሰዎች 50 ተረፉ። ገድሉን ስንተርክ የእኚህን ሁለተኛ ሰው ስም የምንጠራ ስንቶቻችን ነን?

ሁለት ሰው መኖሩም ብቻውን አይበቃም። በኦገስት 2022 ከካርቱም የመጣው በረራ 343 መውረድ በሚገባው ቦታ ሳይወርድ በ37,000 ጫማ ከፍታ የአዲስ አበባን ማኮብኮቢያ አልፎ ሄደ። ሁለቱም አብራሪዎች ተኝተው እንደነበር ተዘገበ። አውሮፕላኑ ኋላ በሰላም አረፈ። ድካምም የሸክሙ አካል ነውና የበረራ መርሐ ግብር የሚያወጣውም ሰው ከኮክፒቱ ሥራ ድርሻ አለው።

አንቱታችንን መጣል የለብንም። ነገር ግን አንቱ እያለ «ተሳስተዋል» የሚል ረዳት፣ ይህንንም እንደ ድፍረት የማይቆጥር አለቃ ያስፈልገናል። ጀግና ማወደስ የምናውቅበትን ያህል፣ ጀግና የማያስፈልገው አሠራር መትከልንም እንወቅበት።

ቸር ይግጠመን።

ፓርክ ሮያል፣ ለንደን