የአባ ጎርጎርዮስ ምስልና የሐኪምዎ ጥያቄ

ዛሬ ከ330 ዓመት በላይ ያስቆጠረ አንድ ምስል ላስተዋውቃችሁ።

ምስሉ እ.ኤ.አ. በ1691 ፍራንክፈርት በታተመ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። በዚያ የባሮክ ዘመን ቀራጮች የሰውን መልክ በመዳብ ሰሌዳ ላይ በጥቃቅን መስመሮች ይቀርጹ ነበር፤ መስመሮቹን ቀለም ሞልተው ወረቀት ላይ ያትሙታል። በአብዛኛው ይህ ክብር የሚደርሳቸው ነገሥታት፣ መሳፍንትና ሊቃውንት ነበሩ። ይኼኛው ግን የሀገራችን ሰው፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ምስል ነው።

እንዴት እዚያ ደረሱ? ኢዮብ ሉዶልፍ የተባለ ጀርመናዊ ምሁር ግዕዝን ከመጻሕፍት ተምሮ ነበር። በ1649 ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። መጀመሪያ የሚግባቡት በግዕዝ ብቻ ነበር። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ድረስ ሄደው ስለ ሀገራቸው ታሪክ፣ ባህልና ቋንቋ የሚጠየቁትን ሁሉ አስረዱት። ሉዶልፍ የኢትዮጵያን ታሪክ መጽሐፍ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1698 አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ ይህን አላዩም፤ በ1658 ወደ ሀገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ሰጥሞ አረፉ። ሉዶልፍ ግን ውለታቸውን አልረሳም፤ ከ33 ዓመት በኋላ ምስላቸውን በመጽሐፉ አወጣ።

ሉዶልፍ ብዙ ያነበበ ሰው ነበር፤ ሀገሩን የሚያውቁት ግን አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። ምርመራ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ ስለ በሽታው ተምሯል፤ ልጅዎን የሚያውቁት ግን እርስዎ ነዎት።

ቂሊንጦ ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው የሚኖርባት ሰፈር ናት። የሕክምና ቃል አላውቅም ብለው አይፈሩ። «ይወጋኛል»፣ «ይቆርጠኛል»፣ «ያቃጥለኛል» ማለት ለሐኪም ትልቅ መረጃ ነው። መቼ እንደጀመረ፣ ትውከት ወይም ተቅማጥ ካለ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ የሰጡትን መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ ሳይደብቁ ይንገሩ። አማርኛ የሚከብድዎ ከሆነ የሚያስተረጉምልዎ አዋቂ ሰው ይዘው ይምጡ። ያልገባዎትንም ደግመው ይጠይቁ።

ልጅዎ ጡት ወይም ምግብ እምቢ ካለ፣ የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከደነዘዘ ግን ጊዜ ሳያጠፉ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

መልካም ጤና!