ማስቲሽ በየትኛው አንቀጽ ይከሰሳል?

ጫት ታሪክ አለው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ሳይቀር ስሙን ያነሳዋል። ካናቢስና ኮኬይንም የሕግ ታሪክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1961 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በስም ዘርዝሯቸዋል፤ የ1996ቱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 525 ይቀጣባቸዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልና ሲጋራ እንዳይሸጥ ከለከለ።

ማስቲሽና ቤንዚን ግን በዚህ ሁሉ መዝገብ ውስጥ የሉም። ሊኖሩም አይችሉም። ማስቲሽ የጫማ ማጣበቂያ ነው፤ ቤንዚን የሞተር ነዳጅ ነው። አንዱን ቢከለክሉት ጫማ ሰፊው ሥራ ይፈታል፤ ሌላውን ቢከለክሉት ባጃጅ ይቆማል።

ጎዳና ላይ ያደረ ልጅ ማስቲሽ የሚስበው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ረሃብን ያስረሳል፤ ብርድን ያደነዝዛል። በውስጡ ያለው ቶሉን የተባለው ኬሚካል ከሳንባ ወደ አንጎል ለመድረስ ሴኮንዶች ይበቁታል። ሲደጋገም አንጎልን ይጎዳል። ይባስ ብሎ በመጀመሪያው ቀንም ቢሆን የልብ ምትን አዛብቶ ሊገድል ይችላል።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣችው ሕግ ዕቃውን ሳይሆን ሻጩን ያዘች፤ ለመሳብ እንደሚፈልገው እያወቀ ለልጅ የሸጠ እስከ እ.ኤ.አ. 2016 ድረስ በዚህ ሕግ ይጠየቅ ነበር። በአውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በረሃማ መንደሮች ውስጥ ቢስቡት የማያሰክር ቤንዚን ለገበያ ቀረበ፤ ቤንዚን መሳብም በእጅጉ ቀነሰ። ሁለቱም ልጁን ከማሰር አልጀመሩም።

ወደ አርሲ እንመለስ። ከጎበሳ ተነስቶ አሰላ፣ አዳማ ወይም አዲስ አበባ የሚወርድ ልጅ የሊስትሮ ሣጥን ቢይዝ፣ ማስቲሹ ከሥራ ዕቃው ጋር አብሮት ያድራል። ስለዚህ መከላከሉ መጀመር ያለበት ልጁ መናኸሪያ ከመድረሱ በፊት ነው።

ለዚህ አርሲ የራሱ ታሪክ አለው። በቆጂ ላይ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆችን በማለዳ ሰብስቦ ያሮጥ ነበር። ዓለም ያየው በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና የደራርቱን ወርቅ፣ ኋላም የቀነኒሳንና የጥሩነሽን ነው። ሜዳሊያ ያላገኙት ብዙዎች ግን ሌላ ነገር አግኝተዋል፤ ጠዋት የሚጠብቃቸው ሜዳ፣ ሲቀሩ «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው።

ጎበሳ ሌላ ደራርቱ ማፍራት አይጠበቅባትም። ማስቲሽ የሚሸጥ ባለሱቅ ገዢው ልጅ መሆኑን አይቶ እንቢ ቢል፣ ትምህርት ያቋረጠን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚጠይቅ መምህር ቢኖር፣ ከትምህርት በኋላ የሚከፈት አንድ ሜዳ ቢገኝ ትልቅ ነገር ነው። አንቀጽ 525 የማይደርስበት ቦታ ጎረቤት ይደርሳል።