የሮም መንበር፣ የሉተር ሙግትና ኢትዮጵያዊው ምስክር

በ16ኛው ምዕተ ዓመት የምዕራቡን ክርስትና የከፈለው ክርክር ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ስለ ጸጋና ስለ ምግባር፣ ስለ ሥርየተ ኃጢአት ደብዳቤዎችና ስለ ምሥጢራት ቍጥር የተነሣ ጠብ ሆኖ ነው። ትረካው ሐሰት አይደለም። ሆኖም የጠብ መነሻና የጠብ ሥር አንድ አይደሉም። ሁለቱ ወገኖች በብዙ ነጥቦች ላይ ለመቀራረብ ሞክረዋል፤ በ1541 ሬገንስበርግ ላይ ስለ ጽድቅ ትምህርት እንኳ የጋራ ቃል እስከ ማግኘት ደርሰው ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያ ተስፋ የፈረሰው የቅዱስ ቍርባንና የቤተ ክርስቲያን ሥልጣን ጉዳይ በተነሣ ጊዜ ነው። በሃይማኖት ነገር የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን ነው? የሮሙ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት፣ ጉባኤ፣ ወይስ መጽሐፍ ብቻ?

ክርክሩ የሌላ አገር ክርክር ነው። ነገር ግን ኢትዮጵያ በምስክርነት ተጠርታበታለች፤ ያውም በሁለቱም ወገን። በ2017 የሉተር ተሐድሶ 500ኛ ዓመት ሲከበር አንዳንድ ሊቃውንት የኢትዮጵያን ቤተ ክርስቲያን የሉተር አርአያና የተሐድሶው ቀዳሚ አድርገው አቀረቧት። በስደት ካለነው መካከል ወንጌላውያኑ ይህን በደስታ፣ ኦርቶዶክሳውያኑ ደግሞ ግማሹ በኩራት ግማሹ በጥርጣሬ ሲቀበሉት ታዝቤአለሁ። ከዚያ እጅግ ቀደም ብሎ ግን የካቶሊክ ጸሐፊዎች የኢትዮጵያ ንጉሥ ለሮም መንበር መታዘዙን አስታውቋል ብለው ጽፈዋል። ሁለቱ አባባሎች የተወለዱት በሁለት ዓመታት ውስጥ፣ በ1533 እና በ1534 ነው። ምስክሩ በእርግጥ ምን እንደ ተናገረ ለመለየት ግን ክርክሩ ወደ ተከፈተበት ወደ ላይፕሲግ ከተማ መመለስ ያስፈልጋል።

በ1519 ጁን መጨረሻ በሳክሶኒያው መስፍን በጌዮርግ ፈቃድ በፕላይሰንቡርግ ግንብ ውስጥ የተከፈተው ሙግት አስቀድሞ በካርልሽታትና በኢንጎልሽታት ዩኒቨርሲቲ መምህር በዮሐን ኤክ መካከል ስለ ነጻ ፈቃድ የተካሄደ ነበር። ሉተር ወደ መድረኩ የወጣው ጁላይ 4 ቀን ነው፤ ያን ጊዜም ነገሩ ተለወጠ። ሉተር ለሙግቱ ባዘጋጃቸው ነጥቦች በ13ኛው ላይ፣ የሮም ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች ሁሉ በላይ መሆኗ የሚረጋገጠው ባለፉት 400 ዓመታት በወጡ የጳጳሳት ድንጋጌዎች ብቻ ነው፤ በአንጻሩ ግን የ1100 ዓመት ታሪክ፣ መጽሐፍ ቅዱስና ከጉባኤያት ሁሉ የከበረው የኒቅያ ጉባኤ ውሳኔ ይቆማሉ ብሎ ጽፎ ነበር። ልብ እንበል፦ ሉተር በዚህ ጊዜ የሚሟገተው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በታሪክም በጉባኤም ነው።

ኤክ ቀላል ሰው አልነበረም። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 16 ስለ ዐለቱና ስለ መክፈቻው ለጴጥሮስ የተነገረውን መሠረት አድርጎ፣ የሮም መንበር ቀዳሚነት በሰው ሥርዐት የመጣ ሳይሆን ከእግዚአብሔር የተሰጠ መሆኑን አባቶችን እየጠቀሰ አስረዳ። ሉተር ዐለቱን ክርስቶስና ጴጥሮስ የመሰከረው እምነት ነው ብሎ ተረጐመ። የሙግቱ ጕልበት ያለው ግን ከዚህ ቀጥሎ ባቀረበው ማስረጃ ላይ ነው። የሮምን የበላይነት መቀበል ለመዳን ግድ ከሆነ፣ በሮም ሥር ሆኖ የማያውቀው የምሥራቁ ክርስቲያን ሁሉ፣ ቅዱስ ባስልዮስና ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ሳይቀሩ፣ ጠፍተዋል ማለት ነውን? ኤክ ግሪኮች ከአንድነት የተለዩ መናፍቃን ናቸው አለ። ሉተር የምሥራቅ ሰማዕታትን ሁሉ ከመንግሥተ ሰማያት ማስወጣት ድፍረት ነው ሲል መለሰ።

በሁለተኛው ቀን ኤክ ወጥመዱን ዘረጋ። ይህ ትምህርት በ1415 በኮንስታንስ ጉባኤ ተወግዞ በእሳት የተቃጠለው የቦሄሚያዊው የያን ሁስ ትምህርት ነው አለ። ላይፕሲግ ለቦሄሚያ ቅርብ ናት፤ የሁስ ተከታዮች ያካሄዱት ጦርነት ትዝታም ገና አልጠፋም። ሉተር በመጀመሪያ ክሱን ተቃወመ። በኋላ ግን ከተወገዙት የሁስ አንቀጾች መካከል ፍጹም ክርስቲያናዊና ወንጌላዊ የሆኑ እንዳሉ ተናገረ። መስፍኑ በቁጣ ጮኸ። ይህ ማለት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ብቻ ሳይሆኑ ጉባኤም ሊሳሳት ይችላል ማለት ነውና። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሉተር የኒቅያን ጉባኤ ጠርቶ ገብቶ፣ ጉባኤያት ይሳሳታሉ ብሎ ወጣ። የቀረው በፍጥነት ሄደ፤ በ1520 የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ወጣ፣ ሉተርም በዲሴምበር 10 በቪተንበርግ በር ላይ አቃጠለው፣ በጃንዋሪ 1521 ተወገዘ።

ከላይፕሲግ የተረፈው ቁም ነገር የሚከተለው ነው። የካቶሊኩ ወገን ከሮም ውጭ ያለው ክርስትና ቢያንስ በቃል ለሮም እንደሚታዘዝ ማሳየት ያስፈልገው ነበር። የሉተር ወገን ደግሞ ያለ ሮም ሳይጠፋ የኖረ ቤተ ክርስቲያን በሕይወት ማግኘት ያስፈልገው ነበር። ሁለቱም ፈልገው ያገኙት በኢትዮጵያ ነው።

በ1533 ጃንዋሪ 29 በቦሎኛ ከተማ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የዐፄ ልብነ ድንግልን ደብዳቤዎችና የወርቅ መስቀል ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለክሌመንት 7ኛ፣ ንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ በተገኙበት አቀረበ፤ በኢትዮጵያ ንጉሥ ስምም መታዘዝን አስታወቀ። ጊዜውን መመልከት ያሻል። ሮም በ1527 በገዛ ንጉሠ ነገሥቱ ወታደሮች ተዘርፋለች። የእንግሊዙ ሄንሪ 8ኛ በዚያው ወር አን ቦሊንን በስውር አግብቶ፣ ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ወደ ሮም ይግባኝ ማለት በሕግ ሊከለከል ነው። ሰሜን ጀርመን ከእጅ ወጥቷል። በዚህ መካከል ከሩቅ አገር የመጣ የክርስቲያን ንጉሥ ደብዳቤ ምን ያህል እንደ ተወደደ መገመት አያዳግትም። የአቀባበሉ ታሪክ ወዲያውኑ በቦሎኛ በላቲን ታትሞ ተሠራጨ።

ለመሆኑ ንጉሡ ለሮም ታዝዘዋልን? ደብዳቤዎቹ ለአውሮፓ አንባቢ የደረሱት በፖርቱጋልኛና በላቲን ትርጕም ነው። በውስጣቸው ለሮሙ አባት የተሰጠው የአክብሮት ቃል ብዙ ነው፤ ፍትሐ ነገሥታችንም በፓትርያርኮች መዓርግ የሮምን ያስቀድማልና ይህ አያስደንቅም። ነገር ግን በመዓርግ መቅደም ሌላ፣ መግዛት ሌላ ነው። ደብዳቤዎቹ በተጻፉበት ጊዜ የአገሪቱ ጳጳስ አቡነ ማርቆስ ከእስክንድርያ የተላኩ ነበሩ፤ ንጉሡ እርሳቸውን ለማሰናበት ወይም ከእስክንድርያ ለመለየት ያደረጉት ነገር የለም። ደብዳቤው ከመታዘዝ ይልቅ የሚወቅስ ነው፦ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ እርስ በርሳቸው የሚዋጉትን የክርስቲያን ነገሥታት ስለ ምን አያስታርቁም? እያለ ይጠይቃል። በእኔ ግምት ልብነ ድንግል የፈለጉት ወዳጅ መንግሥትና ጥበበኛ ሠራተኛ ነው። ቦሎኛ የሰማችው ግን መስማት የፈለገችውን ነው።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ ቪተንበርግም እንዲሁ አደረገች። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ወደ ሉተር ከተማ መጥቶ ከእርሱና ከፊሊፕ ሜላንክቶን ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋገረ። ከዚያም ጁላይ 4 ቀን፣ ሉተር ላይፕሲግ ላይ ወደ መድረክ ከወጣ ልክ በ15ኛ ዓመቱ (አጋጣሚ ነው፤ ከዚህ በላይ ትርጕም አልሰጠውም)፣ የመንገድ መሸኛና የአደራ ደብዳቤ ተጻፈለት። ደብዳቤው ሁለት ነገር ይመሰክራል። አንደኛ፣ ሚካኤል የእነርሱን ትምህርት ሰምቶ መስማማቱን፤ ሁለተኛ፣ በቪተንበርግ የሚፈጸመው የጌታ ራትና የቅዳሴ ሥርዐት ከምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ጋር የሚስማማ መሆኑን። የሥርዐት ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ ሚካኤል መፍረዱንም ይጨምራል። ይህን የመጨረሻውን ነጥብ ላነበበ የ1530ው የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ 7ኛ አንቀጽ ትዝ ይለዋል፤ በዚያም ስለ ወንጌልና ስለ ምሥጢራት መስማማት ለአንድነት ይበቃል፣ ሰው የሠራው ሥርዐት በየቦታው አንድ መሆን አያስፈልገውም ተብሏል። ዲያቆኑ የተናገረው በሜላንክቶን ቋንቋ ነው ወይም ሜላንክቶን የጻፈው በዲያቆኑ አፍ ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ።

የሉተር ደስታ ግን የውሸት አልነበረም። ለምእመናን ሥጋውንም ደሙንም የሚያቀብል፣ ካህናቱ የሚያገቡ፣ ለሮም ግብር የማይከፍል ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን መኖሩ ላይፕሲግ ላይ በግሪኮች ስም ያቀረበውን ሙግት በሰው አካል ያየበት ነው። በዚህ ረገድ ምስክሩ እውነተኛ ምስክር ነው፦ ክርስትና ያለ ሮም ሥልጣን መኖር መቻሉን ከኢትዮጵያ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። ችግሩ የሚጀምረው ምስክሩ ከተጠየቀው በላይ እንደ መሰከረ ሲቈጠር ነው። ደብዳቤው ስለ ምንኵስና አይናገርም፤ ስለ ጾም፣ ስለ ቅዱሳን አማላጅነት፣ ስለ ታቦት፣ በእስክንድርያ እጅ ስለሚሾም ጳጳስም ዝም ይላል። ኢትዮጵያ የሮምን የበላይነት ያልተቀበለችው መጽሐፍ ብቻ ይበቃል ብላ አይደለም። ሌላ መንበር ስለ ነበራት ነው። በ2017 የተነገረው የአርአያነት ወሬ የሚዘነጋው ይህን ነው።

አባ ጸጋ ዘአብ ከሁለቱም ምስክርነቶች የተለየ ቃል ጽፈው ተዉልን። ከ1527 ጀምሮ በልብነ ድንግል መልእክተኝነት ፖርቱጋል ውስጥ የነበሩት እኒህ መነኵሴ በሊዝበን የነገረ መለኮት መምህራን ሲመረመሩ፣ ከቅዱስ ቍርባንም ሲከለከሉ ዓመታት አሳለፉ። በዚያው በ1534 ስለ አገራቸው እምነት የጻፉትን ቃል ዳሚያዎ ዴ ጎይሽ ወደ ላቲን መልሶ በ1540 በሉቨን አሳተመው። ዴ ጎይሽ በ1531 በቪተንበርግ ከሉተር ማዕድ የተቀመጠ ሰው ነው፤ በ1571 ኢንኲዚሲዮኑ ሲይዘው ያ ጉብኝት ከክሶቹ አንዱ ሆኗል። ጸጋ ዘአብ ለሮሙ አባት ክብርን አይነፍጉም። የሥልጣን ምንጫቸው ግን ሌላ ነው፦ ሐዋርያት በስምንት መጻሕፍት ያቈዩት ሥርዐት፣ ይኸውም እኛ ሲኖዶስና ዲድስቅልያ የምንላቸው ናቸው። ለኤክ መጽሐፍና ትውፊት ሁለት ናቸው፤ ለሉተር አንዱ ሌላውን ይዳኛል። ለጸጋ ዘአብ የሐዋርያት ቀኖና ራሱ ከቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር ነው። በዚህ ሚዛን የምዕራቡ ጥያቄ ከነአጠያየቁ እንግዳ ነበር። እንግዳ የሆነን ክርስቲያን በጽኑ ክርክር ማስጨነቅ እንደማይገባም አጥብቀው ተናገሩ። መጽሐፉ በፖርቱጋል እንዳይሠራጭ ተከለከለ።

ቦሎኛ ላይ የተነበበው መታዘዝ ያስከተለውን ሁላችን እናውቃለን። በ1555 ኢግናጥዮስ ሎዮላ ለዐፄ ገላውዴዎስ በጻፈው ደብዳቤ ከሮም የተለየውን የእስክንድርያ መንበር ከአካል እንደ ተቈረጠ ሕዋስ ቈጠረው። በዚያው ዓመት ገላውዴዎስ በጻፉት የሃይማኖት ቃል የኒቅያን፣ የቍስጥንጥንያንና የኤፌሶንን ጉባኤያት የሃይማኖታቸው መሠረት አድርገው ጠሩ፤ ስለ ጴጥሮስ መንበር ግን ሙግት አልገጠሙም። ከዚያ በኋላ ሱስንዮስ፣ ሜንዴዝ፣ የላስታ ዐመፅና የ1632 አዋጅ ተከተሉ።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ግን ለኤክ አንድ ነገር መተው ግድ ይላል። ሥልጣን ያለው ዳኛ ከሌለ ሁሉም በየራሱ ይተረጕማል የሚለው ክርክሩ ከላይፕሲግ በኋላ አሥር ዓመት ጥቂት እንዳለፈ ተፈትኗል፤ በ1529 ማርቡርግ ላይ ሉተርና ዝዊንግሊ በ14 ነጥብ ተስማምተው በ15ኛው፣ በቅዱስ ቍርባን ላይ፣ ተለያዩ። የእኛም ሊቃውንት ከጥያቄው አላመለጡም። ኢየሱሳውያን ከወጡ በኋላ ቅብዓት፣ ጸጋና ተዋሕዶ ተባብለው ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ሁሉም የሚጠቅሱት ያንኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ ሃይማኖተ አበው ነበር። ሦስቱ ጉባኤያት ሁሉን ያግባቡ ነበሩ፤ ትርጕማቸውን የሚቈርጥ ግን አልነበረም። እስክንድርያ ሩቅ ናት፤ ከዚያ የሚመጣው ጳጳስም የአገሩን ቋንቋ አያውቅም። በ1878 ክርክሩ ቦሩ ሜዳ ላይ ሲዘጋ በመካከል ተቀምጠው የፈረዱት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነበሩ።